ኡስታ ሙሳ መብራቱን ሲያበራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዘዞ ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ስልኳን ይዛ ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። አዲስ ለምንሠራው ክፍል መስኮቱን ወደ ምሥራቅ ማድረግ ፈልጋ፣ በስልኳ ኮምፓስ አቅጣጫ ትፈልጋለች። የብረት በራችንን የሚበይደው ሰውዬ ወፍራም ገመዱን በእግሯ ሥር ዘርግቶታል። ብየዳውን ሲጀምር የስልኩ መርፌ ዞረ፤ ሲያቆም ተመለሰ።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር አበደ እኮ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ገመዱን አየሁትና ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ስለ ወንድሜ ስለ ደሳለኝ ለልጆቼ ብዙ አላወራሁም። አጀማመሩን አላውቅበትም። አሁንም እየተደነቃቀፍኩ ነው የምጽፈው።

በረሃቡ ዘመን ከመተማ ቆላ ተነሥተን፣ አጎቴን አያ ታከለን ተከትለን ሱዳን ተሻግረን ገዳሪፍ ገባን። እኔ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር። ደሳለኝ ታላቄ ነው፤ እኔ እንድማር ብሎ እሱ ትምህርቱን የተወ። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ይህን ማመን ያቅተኝ ነበር፤ የእኛ ሰው በየመንገዱ እየወደቀ፣ እዚያ ገበያ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ጠዋት ጠዋት ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት ሲያፈሱበት ሽታው መንገደኛውን ያስቆማል።

ደሳለኝ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ማሽላ ጭነው ድንበሩ አጠገብ፣ በስተምሥራቅ ወዳለው የስደተኞች መጠለያ ያደርሳሉ። ሾፌሩ ሙሳ የሚባል የመተማ ሰው ነው። እዚያ ሾፌርን «ኡስታ» ስለሚሉ፣ እኛም ኡስታ ሙሳ እንለዋለን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣበት ቀን መኪናው መጠለያው ሳይደርስ ቀረ። መንገድ ስቶ ወደ ደቡብ ሄዶ ኖሮ ሰው በሌለበት ሜዳ ነዳጅ ጨረሰ። ደሳለኝ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ወጣ። ሙሳን ከብት አርቢዎች መኪናው ሥር ተኝቶ አግኝተው አተረፉት። ደሳለኝን ግን የተሰነጠቀው ዋልካ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። የገደለው ውሃ ጥም ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሙሳን ሽማግሌዎች ፊት አቀረቡት።

«መንገዱን እንደ ጓሮህ ታውቀዋለህ። እንዴት ጠፋህ?» አለው አጎቴ።

«ወላሂ አያ ታከለ፣ አቧራው ውስጥ መንገድ የት ይታያል? በኮምፓሴ ነው የሄድኩት። እሱ አሳሳተኝ።»

ኮምፓሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅብላ፣ ሲሰግድ የሚዞርበትን አቅጣጫ፣ የሚያይበት ነው። ከገበያ ገዝቶ ከመሪው ጎን፣ ከዳሽቦርዱ እንጨት ላይ በማስቲሽ ለጥፎታል። የሰላት ሰዓት ሲደርስ መኪናውን ያቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ መርፌዋን አይቶ ይወርድና ይሰግዳል።

«ለአላህ ስትሰግድ ልክ፣ የድሃ ማሽላ ስትጭን ስህተት!» አለ አጎቴ። ሰዉ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ከጭነቱስ የጎደለው ጆንያ?»

«ላዳኑኝ ሰዎች ሰጠኋቸው።»

«የሞተው ልጅ አይመሰክርብህ!»

በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናው ወደቆመበት እህል በረንዳ ሄድኩና፣ የወንድሜን ልብስ የምፈልግ መስዬ ካቢናው ውስጥ ገባሁ። መርፌዋን አየሁ። ፀሐይዋን አየሁ። መርፌዋ ልክ ናት። ወዘወዝኳት፤ ተመልሳ እዚያው ቆመች። ዋሽቷል አልኩ በልቤ። ማሽላውን ሲሸጥ ወንድሜ ደርሶበት ነው፣ አውቆ ነው በረሃ የጣለው አልኩ።

ለአጎቴ ነገርኩት። ጩቤ ሰጠኝ። «ደሙ ያንተ ነው» አለኝ። በአገራችን ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሙሳን የወንድሜን ሥራ ስጠኝ አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«በደሳለኝ ቦታ?»

«በእሱ ቦታ።»

«እሺ፣ መኪናው ላይ ውጣ።»

ጩቤው ሸሚዜ ሥር ነበር። አውቆ ይሆን? እስከዛሬ አላውቅም። ጠዋት ማሽላውን ጭነን ወጣን። ሙሳ በመንገድ ላይ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ፤ እሱ እስኪጎርስ ጠበቅሁ። ውሃ ሰጠኝ፤ እሱ ሳይጠጣ አልጠጣሁም።

«አልመረዝኩትም፣ አንተ ልጅ» አለኝ መንገዱን እያየ።

ከፊታችን ሌሎች መኪናዎች እየሄዱ ነበር። ከከተማው ርቀን ሜዳው ሲጀምር የእነሱ አቧራ ዋጠን፤ ቀትር ላይ ቀኑ ቡናማ ሆነ። እጄን ወደ ሸሚዜ ሥር ሰደድኩ። ሙሳ ጎንበስ ብሎ መብራቱን አበራ፤ ለእንዲህ ያለው አቧራ ብሎ ቀደም ሲል ያስገጠማቸውን ትልልቅ መብራቶች። ይህን ጊዜ መርፌዋ ሄደች። እንደ ሰው አንገት ወደ ምሥራቅ ዘወር አለች።

«አጥፋው!» አልኩ።

«ምን?»

«መብራቱን! አጥፋው!»

አጠፋው። መርፌዋ ወደ ሰሜን ተመለሰች። አብራው አልኩት፤ ዞረች። ሙሳ መኪናውን አቁሞ አፉን ከፍቶ ያያል።

«አዑዙ ቢላሂ! ሸይጣን ነው።»

«ሸይጣን አይደለም። መብራትህ ነው።»

«መብራት ያበራል እንጂ ይጠመዝዛል እንዴ?»

ጎንደር የፊዚክስ መምህራችን ለዚህ ትምህርት ዕቃ አልነበራቸውም። በጠመኔ ሽቦና መርፌ ሥለው ነው ያስተማሩን። ኤሌክትሪክ ባለበት ሲቀመጥ መርፌን አይነካም፣ ሲጓዝ ግን በሽቦው ዙሪያ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል ብለው ነበር። አውራ ጣታችሁን ወደ ኮረንቲው መንገድ አቅኑ፣ የታጠፉት ጣቶቻችሁ ማግኔቱ የሚዞርበትን ያሳዩዋችኋል። ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

እንጨቱን በእጄ ዳሰስኩ። የመብራቱ ሽቦ ልክ ከኮምፓሱ ሥር፣ ካቢናውን አቋርጦ ያልፋል። መኪናው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ሽቦው ከመርፌዋ ጋር አንድ መሥመር ይሆናል፤ በጣም የሚገፋትም ያኔ ነው። በዚያ የማዕበል ቀን መብራቱን አብርቶ፣ ሰሜን ናት ያላት ወደ ምሥራቅ ስታይ ነበር። በግራው አድርጓት ሲነዳ፣ ምሥራቅ የሄደ መስሎት ደቡብ ሄዷል።

«ስሰግድ ግን ልክ ናት» አለ ሙሳ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ስትሰግድ ሁሉንም ታጠፋለህ።»

ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «እኔ ነኝ ያስገጠምኩት» አለ። አለቀሰ። እኔ እንባው እውነት መሆኑን አጮልቄ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ ነበር። እጄን ግን ከሸሚዜ ሥር አወጣሁ።

ማሽላውን አድርሰን ስንመለስ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ፣ መኪናውን ወደ ምሥራቅ አዙረን አሳየናቸው። አጎቴ ካቢናው ውስጥ ወጥቶ መብራቱን በገዛ እጁ አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ። ወረደና አቧራውን ከእጁ አራገፈ።

«ኮረንቲውስ ይሁን» አለ። «ጆንያውስ?»

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ሟቹ የእኔ ወንድም ነውና።

«ደሜን ትቻለሁ» አልኩ። ጩቤውን ለአጎቴ መለስኩለት። ብዙ ጊዜ አላናገረኝም።

ኡስታ ሙሳ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርጅቶ፣ ልጆቹ ከበውት አልጋው ላይ ማረፉን ከገዳሪፍ ነገሩኝ። እፎይ አልኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አልችልም። መኪናው ለምን እንደጠፋ አውቄያለሁ። አገሩን የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ ለምን ደሳለኝ እንደወጣ ግን አልጠየቅሁትም፤ መጀመሪያ መልሱን ፈርቼ፣ በኋላም የሚጠየቀው ሰው ሞቶ። ሰውየውን እስከመጨረሻው አላመንኩትም። ሰውን ሳላምነውም በሕይወት ልተወው እንደምችል የተማርኩት ግን ከእሱ ጋር ነው።