ሁለት ኪሎ ቡላ በስፔን

ሻንጣችሁን ዘግታችሁ፣ መዝናችሁና ቆልፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በር አንኳኩቶ «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ፣ ቦታ አትይዝም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። የዚያች ትንሽ ነገር ክብደት እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ነገሩን ያስታወሰኝ አንድ ወረቀት ነው። አሁን እዚሁ ጆሃንስበርግ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ተማሪዎቼን ለጉብኝት ይዤ ስለምሄድ ለወላጆች የሚሰጥ የመመሪያ ወረቀት አዘጋጀሁ። ተራ ቁጥር አራት «ተማሪዎች የሌላ ሰው ዕቃ አይይዙም» ይላል። በደማቅ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ምክንያቱን በሦስት መስመር አብራርቼ ላክሁት። በማግስቱ ጠዋት የአንዷ ተማሪዬ እናት፣ የአገራችን ሰው ናት፣ ደወለችልኝ። «ወረቀቱን አነበብኩት፣ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ «ግን አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ፣ ትምህርት ቤታችን ሃያ ስድስት ተማሪዎች ስፔንን እንዲጎበኙ ወሰነ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። አባቴ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን መሐል ከተማ የብርድ ልብስ ጅምላ መደብር ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እስከ ጣሪያው በተከመረው ብርድ ልብስ ላይ ወጥቼ፣ የአዲስ ላስቲክና የናፍታሊን ሽታ እያሸተትኩ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። የጉዞውንም መርሐ ግብር ያጠናሁት እዚያው ላይ ሆኜ ነው። ማድሪድ ሁለት ቀን፣ ቶሌዶ ግማሽ ቀን፣ ኮርዶባ አንድ ቀን፣ ግራናዳ ሁለት ቀን፣ ቫሌንሲያ ለምሳ ብቻ፣ ከዚያ ባርሴሎና። ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጬ ለየከተማው የተለያየ ቀለም ሰጥቼው ነበር። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። አሁንም አልተሻለኝም።

ጥፋቱ የአባቴ ነው። ለአንድ ደንበኛው «ልጄ ስፔን ልትሄድ ነው» ብሎ ነገረው፤ ከሰዓት በኋላ ያልሰማ አልነበረም። ማድሪድ የአክስት ልጅ ያለው መጣ። ባርሴሎና የልጅነት ጓደኛ ያለው መጣ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ከተማ ውስጥ ወንድም ያለው አንድ ሰው ደግሞ «መንገድሽ ላይ አይደለም እንዴ? ወረድ ብለሽ ሰጥተሽው ትመለሻለሽ» አለኝ። ካርታ አውጥቼ ከተማዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳየሁት። ካርታውን በደንብ አየና «ታዲያ ይኸው፣ አንድ ጣት አይሞላም» አለ። አባቴ ለመጣው ሁሉ እሺ አለ። እናቴ ደግሞ የመጣውን ሁሉ በየተራ መለሰች፤ አንዱን ግን መመለስ አቃታት።

ያ የእትዬ ረውዳ ነበር። እትዬ ረውዳ ዮቪል በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻቸው። ታናሽ እህታቸው ሰሚራ ቫሌንሲያ ትኖራለች፤ ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሰሚራ በዚያ ሰሞን ወልዳለች። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ለወራት አይመለስም።

«አራስ ናት፣ ሀዩ» አሉኝ፣ የሱቁ በር ላይ እንደቆሙ። «እናታችን የለችም። እኔ ቪዛ ጠይቄ ከለከሉኝ። አጠገቧ ሆኖ ገንፎ የሚያገነፋላት አንድ ሰው የለም። አርባ ቀኗ ሳይሞላ ይህቺን ብቻ አድርሺልኝ።»

በእኛ ነጋዴዎች መካከል አንድ ደንብ አለ፤ ላብራራው። በሰው የሚላክ ዕቃ በተሸካሚው ፊት ይፈታል። ተሸካሚው አይቶ፣ ዳስሶ፣ ምን እንደሆነ ካወቀ በኋላ እዚያው ፊቱ ይታሸጋል። ሲደርስም ተሸካሚው ቆሞ እያየ ይፈታል፤ አደራው የሚወርድለት ያን ጊዜ ነው። እትዬ ረውዳም በደንቡ መሠረት ከረጢታቸውን የአባቴ ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ሁለት ኪሎ ቡላ ነበር። እዚህ ተወልደው ላላዩት ልጆቻችን ስል፤ ቡላ ማለት እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ከሥር የሚቀረው ነጩ ነው። ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ሽታው ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ገንፎው ለአራስ ይሰጣል። አባቴ በሦስት ላስቲክ ደራርቦ ብርድ ልብስ በሚያሽግበት ቡናማ ፕላስተር ጥርቅም አድርጎ ጠቀለለው። «ከእጅሽ እንዳትለይው» አለኝ።

አሁን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሁለት ኪሎ ነጭ ዱቄት፣ በቡናማ ፕላስተር የተጠቀለለ፣ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቦርሳ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ። አባቴ፣ እናቴ፣ እትዬ ረውዳና እኔ፣ ጠረጴዛውን ከብበን ከቆምነው መካከል አንዳችንም ይህ አልታየንም። ለእኛ ቡላ ነበር።

ማድሪድ ላይ ፈታሾቹ ታያቸው። ከሰልፉ አውጥተው ለብቻዬ አቆሙኝ። የጉዞው መሪ የታሪክ መምህራችን ሚስ ታንዲ ነበሩ፤ ረጅም፣ ፉጨታቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ እንደ እኔው ሰዓት አክባሪ ሴት። እየሮጡ መጡ።

«ሀያት፣ ምንድን ነው ይህ?»

«ምግብ ነው፣ ሚስ።»

«የምን ምግብ?»

«የአራስ።»

«ሀይቦ» አሉ። ሀይቦ ዙሉዎች ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው የሚሏት ቃል ናት፤ ሚስ ታንዲ በዚያ ጉዞ ያሏትን ያህል በዓመት ውስጥ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ለማስረዳት ተነሳሁ። እንሰት ሙዝ እንደሚመስል፣ ግን ፍሬው እንደማይበላ፣ እንዴት እንደሚፋቅ፣ እንዴት እንደሚጨመቅ ነገርኳቸው። ቃል ሲያጥረኝ በመርሐ ግብሬ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣልኩ። ውሻ አመጡ፤ ውሻው አሸተተና አስነጠሰው። በመጨረሻ ፈታሹ ጥቅሉን በስለት ቀዶ፣ ቆንጥሮ መረመረና፣ የቀደደውን በራሱ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ መለሰልኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። ሃያ አምስት ተማሪዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። የዚያ ቀን የቤተ መንግሥት ጉብኝት አመለጠን፤ ከመርሐ ግብሬ ላይ በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ፓለሳ ሁልጊዜ ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች «ልጅሽ እንዴት አደረ?» ትለኝ ነበር። አውቶቡስ ስንሳፈር «ለሕፃኑ ቦታ ልቀቁለት» ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም። ስፔን በሐምሌ እሳት ናት፤ ቡላውም እየሞቀ ሲሄድ ኮምጣጣ ሽታው ከቦርሳዬ መውጣት ጀመረ። የቶሌዶን ዳገት በዚያ ሸክም ወጣሁት። ኮርዶባ ላይ በታላቁ ጥንታዊ መስጊድ ውስጥ፣ ማለቂያ በሌለው የምሰሶ ጫካ፣ በቀይና ነጭ ቅስቶቹ ሥር ቆሜ፣ አስጎብኚው የሚለውን በመስማት ፈንታ የቦርሳዬ ማንገቻ እንዳይበጠስ ደግፌ ይዤ ነበር። ግራናዳ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ መንግሥት ደግሞ ግድግዳው ተቀርጾ ዳንቴል መስሏል፤ ቦርሳ ግድግዳውን እንዳይነካ በፊት በኩል ይታዘላል ተባልን። ስለዚህ ከግራናዳ ያሉኝ ፎቶዎች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ሆዷ የገፋ ልጅ ነው የሚያሳዩት። ፓለሳ እየሳቀች ነው ያነሳችልኝ።

ቫሌንሲያ ደርሼ እስካወርደው ሰዓት እቆጥር ነበር። ምሳ የምንበላበት ቦታ ለሰሚራ ቤት ቅርብ ነው፤ ሚስ ታንዲን አስፈቅጄ ነበር፤ ሁሉ ነገር በቀለም ተሰምሮ አልቋል። ከግራናዳ ወጥተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ግን አንዱ ልጅ ፓስፖርቱን ሆቴል መርሳቱን አስታወሰ። ተመለስን። ፓስፖርቱ ትራሱ ሥር ተገኘ። እንደገና መንገድ ስንጀምር ሚስ ታንዲ ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሱ። ቫሌንሲያ ቀርታለች፣ ከከተማው ውጭ ነዳጅ ማደያ ላይ ሳንድዊች በልተን በቀጥታ ባርሴሎና እንገባለን አሉ።

ሰሚራ ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። የሆነውን በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ቀስ ብላ «በቃ ተይው የኔ እህት፣ አትቸገሪ» አለችኝ። «እናንተው ብሉት። እኔ ዳቦ አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው በእውነት የተናደድኩት። ውሻ አስነጥሶበት፣ አራት ከተማ ተሸክሜው፣ ተይው ትለኛለች። ደግሞ ድምጿ። ተይው የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም። እንባዬ እየመጣ ወደ አውቶቡሱ ፊት ሄድኩ።

«አይቻልም፣ ሀያት» አሉ ሚስ ታንዲ አፌን ሳልከፍት። «ሰዓቱን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ፤ ችግሬም እሱ ነበር። ቢሆንም ነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ አራስ አርባ ቀን ከቤት እንደማትወጣ፣ እናቷና እህቶቿ ከብበዋት ገንፎ እንደሚያበሏት፣ ሰሚራ ግን ከወለደች ጀምሮ ራሷ ተነስታ ዳቦ እንደምትገዛ። ሚስ ታንዲ የእጅ ሰዓታቸውን ማየት አቆሙ።

«ማን አለ አጠገቧ?»

«ማንም የለም፣ ሚስ።»

መስኮቱን አሻግረው ትንሽ ተመለከቱ። «በእኛም ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም» አሉ። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብለው ተነጋገሩና ተመለሱ። «አሥራ አምስት ደቂቃ። እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።»

የሰሚራ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ሊፍት የለውም። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል፣ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ነው። ሰላም ሳንባባል ሚስ ታንዲ እጃቸውን ዘርግተው ሕፃኑን ተቀበሏት። ሰሚራ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በደንቡ መሠረት ፊቴ ፈታችው። አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አስገብታ ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል። ቀና ስትል የአፍንጫዋ ጫፍ ነጭ ሆኗል።

«ቅቤ አልላከችም?» አለችኝ።

ሳምንት ሙሉ ተሸክሜው። ቅቤ መያዝ ለምን እንደማይቻል፣ ወተት ነክ ነገር ድንበር እንደማያልፍ ላስረዳት ጀመርኩ። ሰሚራ ፊቴን አይታ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «ይቅርታ፣ ይቅርታ የኔ እህት» ትላለች። «ከወለድኩ መሳቄ ገና ዛሬ ነው።»

አሥራ አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። ሚስ ታንዲ ሕፃኑን ለእኔ ሰጥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድስቱ ጋ ቆሙ። «ይህ የእኛ የበቆሎ ገንፎ፣ የእኛ ፓፕ እኮ ነው» እያሉ፣ ሰሚራ አልጋዋ ላይ ሆና በአማርኛ የምታዘውን እኔ እየተረጎምኩላቸው፣ የስፔን ቅቤ ጨምረው ገንፎውን አገነፉት። ታች ሃያ አምስት ልጆች ጥላ ፈልገው የእግረኛው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። ሰሚራ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ ጨረሰች።

ልንወጣ ስንል ከኋላዬ ጠራችኝ። «ሀዩ፣ ለእህቴ የምትወስጂልኝ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ» አለች። ሚስ ታንዲ አማርኛ አያውቁም፤ ግን ገባቸው። «ሀይቦ» አሉ። ሰሚራ ትንሽ ከረጢት አምጥታ ፊቴ ፈታችው። የሕፃኑ ኮፍያ ነበር፣ ከጡጫዬ ትንሽ የሚበልጥ። «አላጠብኩትም» አለችኝ፣ «እንዳታጥቡት ንገሪልኝ።»

ባርሴሎና ዘግይተን ስለገባን ገና ተሠርቶ ያላለቀውን ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አየነው። ፓለሳ ለአንድ ሳምንት «የስፔንን ሥነ ሕንፃ የበላው ሕፃን» እያለች ስታወራ ሰነበተች። ተመልሰን በመጣን በሦስተኛው ቀን ከአባቴ ጋር ዮቪል ሄድኩ። ከረጢቱን እትዬ ረውዳ ፊቴ ፈቱት። አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ቆዩ። ልክ እንደ እህታቸው፣ በጣም ቆዩ። እኔ ያን ቀን ሰዓቴን አላየሁም።

አሁን ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆኗል። ሕፃን ሲወለድ ቪዲዮው በደቂቃ ውስጥ ጀርሚስተን ይደርሳል። ዕቃ የሚያደርሱ ድርጅቶች በየማዕዘኑ አሉ። ተማሪዎቼ አደራ የሚባለውን ነገር ከወላጆቻቸው አፍ እንጂ በትከሻቸው አያውቁትም። ይህ ለእነሱ ደኅንነት ነው፤ ተራ ቁጥር አራትንም አልሰርዘውም፤ ልጅ የሌላ ሰው ዕቃ አይይዝም። ለደወለችልኝ እናት ግን መልሼ ደወልኩላትና ዕቃውን ወደ እኔ እንድታመጣ ነገርኳት። የምሸከመው እኔ ነኝ። መርሐ ግብሩም ላይ ምክንያቱ ያልተጻፈ አንድ ባዶ ሰዓት ጨምሬበታለሁ።

እናንተም በሚቀጥለው ጉዟችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ሻንጣችሁ ውስጥ የሁለት ኪሎ ቦታ ተዉ። ዕቃው ፊታችሁ ይፈታ፣ ዳስሳችሁ እወቁት፣ ቅቤ ከሆነ መልሱት። ስታደርሱ ደግሞ በር ላይ ሰጥታችሁ አትሩጡ። እባካችሁ፣ እስኪፈታ ድረስ ቁሙ።