ሱሉልታ ድረስ የጠራኝ የባቡር ሻጭ

ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ውስጥ የማላውቃቸው ሰውዬ ግቢ ገባሁ... ከኋላዬ በሩን ቆለፉትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ከሥራ ስመለስ የሚያስደስተኝ ነገር ቢኖር ትንንሽ ባቡር መገጣጠም ነው። አዎ፣ ትልቅ ሰው ነኝ። ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግቼ፣ ከካርቶን ጣቢያ ሠርቼ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አዞርበታለሁ። ችግሩ ዕቃው ነው። ለዚህ ተብሎ የተከፈተ ሱቅ እኔ እስካሁን አላየሁም። ይሄ ሱስ ያለብን ጥቂት ሰዎች ወይ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ እንበረብራለን፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንለምናለን፣ ወይ ቴሌግራም ላይ እርስ በርስ እንሻሻጣለን። ለሞተር የተበላሸ ፕሪንተር እንፈታለን። ለሣር የተጠጣ ሻይ ቅጠል አድርቀን አረንጓዴ እንቀባለን።

ከወራት በፊት ምናለሽ ተራ አንድ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ አገኘሁ፤ ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ራሱ ማለቴ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ፎቶ አንስቼ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ የሌለው አካውንት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ሐዲድ አለኝ። ብዙ ነው። ለአረንጓዴው ይሆናል።»

ዋጋውን ጠየቅኩ። «ስትመጣ እንነጋገራለን።»

ፎቶ ላክልኝ አልኩ። «ስትመጣ ታየዋለህ። አረንጓዴውን ይዘኸው ና፣ ሐዲዱ ላይ እንሞክረዋለን።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ... «ብቻህን ነው የምትመጣው?»

ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ይተወዋል። እኔ ግን ሐዲድ ሲባል ልቤ ይጠፋል። ለአንድ ጓደኛዬ የምሄድበትን ጽፌለት፣ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ያዝኩ። (ጓደኛዬ መልእክቱን እስካሁን አልከፈተውም።)

ሱሉልታ ወርጄ በላከልኝ ቁጥር ስደውል ያነሱት ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ታክሲ ማቆሚያው ጋ ቁም አሉኝ። ቆምኩ። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ና አሉኝ። ስሄድ ከመንገዱ ማዶ ካፖርት የለበሱ ረጅም ሰውዬ እኩል እኩል ሲራመዱ አየሁ። ቆም ስል ይቆማሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ተሻግረው መጡ።

«አካም ጅርታ» አልኳቸው፣ በማውቃት ኦሮምኛ።

መለሱልኝ፤ ዓይናቸው ግን ቦርሳዬ ላይ ነው። ገመቹ እባላለሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ አሉኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ግቢያቸው አስገቡኝ። የቆለፉት ያኔ ነው።

«ቁልፉ ለምንድነው አባቴ?»

«ከብት ይወጣል።»

ግቢው ውስጥ ከብት የለም።

አንድ ክፍል አስገቡኝና ትልቅ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ አንሶላ ገለጥ አደረጉ። ሐዲድ፣ ድልድይ፣ በጭቃ የተሠራ ተራራ። ፉርጎዎቹ ተቀጣጥለው ቆመዋል፣ የሚጎትታቸው ግን የለም።

«አውጣው» አሉኝ።

አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገለበጡት። ሆዱ ላይ በምስማር የተጫረች «ገ» አለች። እኔ የነጋዴው ምልክት ትመስለኝ ነበር።

«ይቺን የጫርኳት እኔ ነኝ። ጅቡቲ ስመላለስ ነው የገዛሁት፤ ከዚህ ክፍል ነው የጠፋው። አሁን ማን እንደሸጠልህ ትነግረኛለህ።»

ምናለሽ ተራ ነው የገዛሁት አልኳቸው።

«ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ከዮናስ ጋር የት ነው የምትተዋወቁት?»

«ዮናስ ማነው?»

«ተከራዬ የነበረው አስተማሪ። ከእኔ ሌላ እዚህ ክፍል የሚገባ እሱ ብቻ ነበር። ማታ ማታ አብረን ነበር የምንነዳው... እንደ ልጄ ነበር የማየው።» ሎኮሞቲቩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አስወጣሁት። ተነስ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ።»

እየማልኩ፣ እየተገዘትኩ እያለሁ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ውኃ ይዘው ገቡ። ሎኮሞቲቩን ሲያዩ ባሉበት ቀጥ አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ጥግ ላይ ያለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ገመቹ፣ ልጁን ተወው።»

«አንቺ አታውቂም፣ ዝም በይ።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ አዴ ጫልቱ። «ልዋጭ መጥቶ ነበር። ከዚህ ጠረጴዛ ሥር አሮጌ ጫማ የሞላ ካርቶን አንስቼ ሰጥቼው ሳፋ ወሰድኩ። ባቡሩም እዚያ ካርቶን ውስጥ ገብቶ እንደነበር የገባኝ አንተ መፈለግ ስትጀምር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስመጣ ዮናስን በሰው ፊት ሌባ ብለኸው ነበር። ከዚያ በኋላ... በምን አፌ?»

ኦቦ ገመቹ ሎኮሞቲቩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ውሰደው፣ ገዝተኸዋል። እኔ የጠፋብኝ ሌላ ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ተነሳ።

«ዮናስ... እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልቻሉም። አዴ ጫልቱ ስልኩን ከእጃቸው ወስደው ወደ ውጭ ወጡ። «ልጄ፣ በድለንሃል» ሲሉ በመስኮቱ ይሰማኛል።

ሲመለሱ ባልየው ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ጠበቁ።

«ምን አለ?»

«አስብበታለሁ አለ።»

ሎኮሞቲቩን አንስቼ ፉርጎዎቹ ፊት፣ ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩት። «ከመጣ አብራችሁ ትነዱታላችሁ» አልኳቸው። አመስግነው በሩን ከፈቱልኝ። የሚሸጠውስ ሐዲድ ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ አፈሩ... የሚሸጥ ሐዲድ ኖሮ አያውቅም።

ትናንት እኔም ቤት ቻርጀር ጠፋ። ማንንም ከመጠርጠሬ በፊት ባለቤቴን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው... «ልዋጭ መጥቶ ነበር እንዴ?»