የእናቴ ትራስ

እንግዳ ሲመጣ እግሬን ከትራሱ ላይ አላወርድም። ምራቴ ታፍራለች፤ ትፈር። የእናቴ ደም ሥር እኔም እግር ላይ ወጥቷል።

እናቴ ዳንግላ ውስጥ ለጠላ ቤቶች ብቅል እየፈጨች ነው ያሳደገችኝ። ቀኑን ሙሉ ወፍጮው ላይ ትቆማለች። ከጉልበቷ በታች ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተጠማዞ ወጥቶ ነበር፤ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። ሲብስባት በአገውኛ ታጉረመርማለች እንጂ ለማንም አመመኝ አትልም።

አንድ ቀን ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኋት። ድሬሰሩ እግሯን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ «እማማ፣ ደሙ ወደ ላይ መመለስ አቅቶት እዚህ እየተጠራቀመ ነው። ብዙ አይቁሙ። ሲያርፉ ጋደም ይበሉና እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ» አላት።

«መርፌ የለውም?» አለች፤ ቅር ብሏት ነበር። ቢሆንም እንዳላት አደረገች። በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ።

እኔ ያኔ ታጭቼ ነበር። የእጮኛዬ አባት ሳይታሰብ ከች አሉ። እናቴ መደብ ላይ ጋደም ብላ፣ እግሯ በትራሱ ላይ፣ ውስጥ እግሯ ወደ በሩ ዞሮ አገኟት። በሽማግሌ ፊት! አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እንደወጡ ጮህሁባት። «እማ፣ ሰው ፊት እግር ይሰቀላል? አዋረድሽኝ እኮ!» ትራሱን ነጥቄ እኔ አልጋ ላይ ወረወርሁት። ከዚያ ወዲያም እግሯን ከፍ አድርጋ አላየኋትም።

እብጠቱ ተመለሰ፤ ባሰም። ጎረቤቶች መጥፎ ደም ነው፣ ዋግምት ያውጣው አሉ። እሷም እሺ አለች። ዋግምት የሚያግሙት ሴትዮ ቀንዳቸውንና ምላጫቸውን ይዘው መጡና ያበጠውን ደም ሥር ራሱን በጡት። ደሙ ፈሰሰ፣ ቀንዱ ሞላ፣ አልቆመም። እንዳትወድቅ እኔና ጎረቤቶቹ የተቀመጠችበት ዱካ ላይ ቀና አድርገን ከኋላዋ ደገፍናት፤ እግሯን በነጠላ ሸፈንንላት። አንዳችንም እናስተኛት አላልንም። እኔ ወደ ክሊኒኩ ሮጥሁ።

ድሬሰሩ ሲደርስ እናቴ እንደተቀመጠች ነበረች። ዓይኗ ፈዟል። ወለሉ ላይ አጋደማት፤ እግሯን አንስቶ ቁስሉን በመዳፉ ጫን አለና፣ «ትራስ!» ብሎ ጮኸ።

ከአልጋዬ ላይ አምጥቼ ሰጠሁት። እግሯን አስደገፈው። ደሙ ወዲያው ቆመ። እናቴ ግን ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈች።

ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ፣ «ከፍ ያድርጉ ብዬ ነበር እኮ። አላደረጉም?» አለኝ።

«ታደርግ ነበር» አልሁት።