ብዙኃኑ «ኃ»

የዝናብ መረጃ ፋይሎቹን ለዓመታት የያዙት እትዬ ነበሩ፤ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲያ ነው። ከወሎ ስመጣ ልደታ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው ቤቴ ሆኖ ነበር። ሲያርፉ ወንበራቸውም ሥራቸውም ለእኔ ተሰጠኝ። አሁንም ጠርዙ ላይ ነው የምቀመጠው፤ መሐሉ የተያዘ ይመስለኛል።

እያንዳንዱ ፋይል ከቁጥሮቹ በፊት ስለራሱ የሚናገርባቸው መለያዎች አሉት፤ የት እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ። እትዬ አንዱን መለያ በአማርኛ «ኃላፊ» ብለው ከሥሩ ስማቸውን አስፍረዋል። ፋይሎቹ ወደ ውጭ ማኅደር ሊላኩ ሲሉ ታዲያ መለያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። ማኅደሩ የማያውቀውን መለያ ከነይዘቱ ይጥለዋል። ስማቸው ሊጠፋ ነው።

«ምን አስጨነቀሽ? ያንቺን ስም አስገቢበት» አለኝ አለቃዬ።

«በሰው ድካም ላይ? እግዚኦ!»

«እሺ ጻድቋ! ብቻ ዛሬ ይለቅ።»

ፋይሎቹን የምንከፍትበት የፕሮግራም ላይብረሪ የመለያ ስም የሚቀይር ትእዛዝ አለው፤ አሮጌውን ስም ትሰጪዋለሽ፣ ቀጥሎ አዲሱን። አማተብኩና «ሃላፊ» ብዬ ጻፍኩ።

«እንዲህ ያለ መለያ የለም» አለኝ ማሽኑ።

ፋይሉን ከፍቼ አየሁ፤ አለ። ደገምኩት፤ የለም። ካረፉ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ሳላቸውን እሰማለሁ፤ ብቅ ስል ማንም የለም። አሁን ደግሞ ስማቸው ያለበት መለያ እያየሁት የለም ተባልኩ።

አንድ ጊዜ ደብዳቤ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው ያሉኝ ትዝ አለኝ። «ልጄ፣ ይኼ የሃሌታው «ሃ» ነው። ኃላፊ በብዙኃኑ ነው የሚጻፈው። በግእዝ ሂያጅ፣ አላፊ ማለት ነው፤ አለቃችን እንዳይሰማ ብቻ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

ለእኔ ጆሮ ሁለቱም ፊደል አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ናቸው። በብዙኃኑ «ኃ» ጻፍኩት። ዝም ብሎ ተቀበለኝ፤ ሌሎቹም ፋይሎች ተከተሉ።

ስማቸው ተርፏል። እሳቸው መርጠው የጻፉት ቃል ግን ከየፋይሉ ወጥቷል፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

«ልላከው?» አለ አለቃዬ።

በባዕድ ቃል ሥር የተቀመጠውን ስማቸውን ከነአባታቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። ነፍስ ይማር አልኩና ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩት።