ዱካውን አትርገጡ

አያቴ ከብት ተሰረቀ ሲባል መጀመሪያ የሚያነሡት ዱላ ሳይሆን እንቅብ ነበር። በረቱ በር ላይ ያለውን ኮቴ ሰው እንዳያበላሸው እንቅቡን ደፍተውበት፣ "ዱካውን አትርገጡ!" ብለው ይጮኻሉ። ከዚያ ሰው አስከትለው ዱካው ወደገባበት መንደር ይሄዳሉ። መንደሩ ወይ ሌባውን እስኪያወጣ፣ ወይ ዱካው ከወሰኑ መውጣቱን እስኪያሳይ ድረስ ከደጁ አይነሱም። በመካነ ሰላም ዙሪያ ስንት ከብት በዚህ ተመልሷል!

በዚያ በድርቁ ዘመን፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ከድርቁ የተረፈቻት አንዲት ላም ተሰረቀችባት። አያቴ እንቅቡን ደፍተው ሰው ሰበሰቡ። ለሌባ ሲጠሩ የማይሰሙት የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች፣ ሰው ተሰበሰበ ሲባል በሩጫ ደረሱ። አንዱ እንቅቡን በቦት ጫማው ገለበጠው።

"ያለ ፈቃድ ስብሰባ የጠራው ማነው?"

"እኔ ነኝ ልጄ። ኧረ የላሚቱን ዱካ ረገጥከው!"

"ላሚቱ ትቆይ። እኛ የምንፈልገው አድኃሪ ነው።"

ይዘዋቸው ሄዱ። እሳቸውም ላሚቱም አልተመለሱም። ሬሳቸውን እንኳ አልሰጡንም። ጥበቃ ይባላሉ ደግሞ! ማንን ከማን ነው የጠበቁት?

ያን ዕለት እናቴ ሳታለቅስ እንቅቡን አነሣችና ቦት ጫማው የረገጠው ላይ ደፋችው። የቦት ጫማው ዱካ የገባው ቀበሌው ግቢ ነው። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ ከዚያ መውጣቱን ያሳየን የለም።

እኔም ከደጃችሁ አልነሣም።