የእትዬ ዘሃራ ድሪቶ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ጎትታ አንድ ኤግዚቢሽን ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሳይሆን እርስ በርሱ የተሰፋፋ አሮጌ ልብስ ነው፤ ሸሚዝ፣ የወታደር ኮት፣ የሕፃን ሹራብ። ገና ከበሩ የልባሽ ጨርቅና የናፍታሊን ሽታ ተቀበለኝ። ልጄ "ትዝታንና ታሪክን የሚመረምር ሥራ ነው" እያለች ከወረቀት ታነብልኛለች። እኔ ግን የጀርባውን ስፌት ለማየት ጠርዙን ገለጥ ሳደርግ ጥበቃው "እማማ፣ አይነካም!" አለኝ። እንዴት አይነካም? እንዲህ ያለ ነገር የሚነበበው በእጅ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ በአሥር ዓመቴ በሙሉ ልቤ የጠላኋቸው ሴት ናቸው።

እትዬ ዘሃራ ከኮተቤ መንገድ ተነስታ ወደ ባሕር ዛፉ ጋራ በምትወጣው ቀጭን ቅያስ፣ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብለው ይኖሩ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። በእግር የምትረገጠው ጥቁር የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ሆና ስትንቀጫቀጭ ትውላለች። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ጊዜው ሲከፋ ግን ቀበሌው የአብዮት ጥበቃዎቹን ካኪ እንዲሰፉ ለእሳቸው ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ጠመንጃ ያነገበ ሰው አይጠፋም፤ እኛም ሰላምታችንን አሳጠርን። ሰው የገዛ ጥላውን የሚጠራጠርበት ዘመን ነበር።

ይባስ ብለው አሮጌ ልብስ መለመን ጀመሩ። "ልዋጭ!" እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎችም አሮጌ ልብስ ይሰበስባሉ፤ እነሱ ግን በምትኩ ሳህን ይሰጣሉ፣ የማን ነው ብለው አይጠይቁም። እትዬ ዘሃራ ይጠይቃሉ። የሚገቡትም ልጅ በተወሰደበት ቤት ብቻ ነበር።

"ስም እየለቀመች ነው" አለች እናቴ በሩን ዘግታ። "ከእንግዲህ እሷ ባለችበት አፍሽን እንዳትከፍቺ!"

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ኮተቤ መምህርነት ይማር ነበር። አንድ ማለዳ ከአልጋው አንስተው ወሰዱት። እናቴ ሦስት ሳምንት ስንቅ አመላለሰች። በአራተኛው ሳምንት እስር ቤቱ በር ላይ "እዚህ የለም" አሏት፤ ይሄው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሳምንቱ እትዬ ዘሃራ ቤታችን መጡ። ቁጭም ሳይሉ "የግርማን ልብስ እፈልግ ነበር፤ ቁራጭም ብትሆን" አሉ። እናቴ ፈገግ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና የአባቴን አሮጌ ቡናማ ኮት አውጥታ ሰጠቻቸው። "የሱ ነው" አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ያን ጊዜ አሰብ መንገድ ላይ ነው። የግርማ ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ ፍራሽ ሥር እንደተደበቀ ቀረ። በእናቴ ብልጠት እንዴት ኮርቼ እንደነበር!

ከዚያ በኋላ በአጥራቸው ቀዳዳ እሰልላቸው ጀመር። በሰፈራችን እርግጠኛው ሰላይ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትልቅ ድሪቶ ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ፊቱ ስንት ዓይነት ቁራጭ የተጋጠመበት ነው፤ ጀርባው ከተረፈ ካኪ የተሠራ ነው። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃው በእጁ አሸት አሸት አድርጎ "ይሞቃል ይሄ፤ ለእኔም አንድ ይስፉልኝ" ሲላቸው ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው መኪናቸውን እየረገጡ "ጨርቅ ከተረፈኝ" አሉት። ሴቶች ልብስ የሚያስለኩ መስለው አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ገመዱ ጋ ቆም ይላሉ፣ ይሄዳሉ። የጆሮ ጠቢዎች ምልክት መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

አንድ ቅዳሜ እማማ ተዋበች መጡ። ልጃቸው ተገድሎ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ ጎረቤታችን ናቸው። ግራ ቀኝ አዩና አረንጓዴ ዳማ ያለበትን ቁራጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ቀበሩበት። ድምፅ የለም፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው "ዘሃራ፣ ቀሚሴን እንዳታሳጥሪብኝ!" አሉ ጮክ ብለው።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የምትለቅመውን ምስር ትታ አፈጠጠችብኝ። በአገራችን ለቅሶ የሟች ልብስ ወጥቶ ይታያል፤ አልቃሿ ከፍ አድርጋ ይዛ ሟቹን ታወሳበታለች። ያን ጊዜ ለተገደሉት ማልቀስ ስለተከለከለ፣ እትዬ ዘሃራ ለቅሶውን አምጥተው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቅለውት ኖሯል። ለእናቴ ከእኔ ቀድሞ ገባት።

"ውይ በሞትኩት!" ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። "ባሌን በቁሙ ከሙታን ጋር አሰፋሁት!" አባቴ ከመመለሻው ቀን ሦስት ቀን አሳልፏል። ነጠላ ሳትደርብ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ዘሃራ፣ ኮቱን ፍቺልኝ። የግርማ አይደለም።"

እትዬ ዘሃራ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። "አውቃለሁ። የልጁን ትከሻ በሜትር የለካሁት እኔ አይደለሁም?"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ሰፋሽው?"

"የት ሰፋሁት?" የድሪቶውን ጥግ ገለበጡልን። ሌላው ቁራጭ በመኪና ጥብቅ ብሎ ተሰፍቷል፤ የአባቴ ኮት ቁራጭ ግን በነጭ ክር፣ በእጅ፣ ዘለግ ዘለግ ባለ ስፌት ነው የተያዘው። የክሩን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ተመዘዘና ጨርቁ እናቴ እጅ ላይ ወደቀ። "መሞቱ ያልታወቀውን አላጠብቅም። ሁለት ልጆች ተመልሰው እንዲህ መዝዤ ሰጥቻቸዋለሁ።"

"ልጄ አልሞተም" አለች እናቴ።

"እኔስ መች ሞተ አልኩሽ? እስኪመጣ ብቻሽን አትያዢው ነው የምልሽ።"

አባቴ በማግስቱ በሰላም ገባ፤ መኪናው ተበላሽቶበት ኖሯል። እናቴ ግን ሸሚዙን እያወጣች እየመለሰች ብዙ ቀን ቆየች። መስጠት፣ ሞቷል ብሎ መፈረም መሰላት። በመጨረሻ ኪሱን ቆርጣ በእጄ ሰጠችኝና "የላላ ይሁን በያቸው" አለችኝ። እትዬ ዘሃራ መርፌ ላይ ክር አስገብተው ወደ እኔ ዘረጉ። "አንቺ ስፊው፤ እህቱ ነሽ።" ጣቴን ይዘው ስፌቱን ከጀርባ አስዳሰሱኝ፤ ጠባቡ የሞተ፣ ሰፊው የሚጠበቅ። ጆሮ ጠቢ ስላቸው የከረምኩት እኔ ኪሱን በነጭ ክር ሰፋሁት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ደርግ ወደቀ፤ ግርማ አልመጣም። እናቴ አጥብቂው ሳትል ሞተች። እትዬ ዘሃራም ሲያርፉ የወንድማቸው ልጅ ድሪቶውን በአንሶላ ጠቅልሎ እኛ በር አመጣው። የላላ ስፌት የቀረው የእናንተ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ለእናንተ ይሰጥ ብለው ነበር አለን።

ከኤግዚቢሽኑ ስንመለስ ከሣጥን አወጣሁት። ልጄ እየዳሰሰች "እማዬ፣ ይሄኮ እዚያ መሰቀል ነበረበት" አለችኝ። እኔ የማየው ኪሱን ነበር። ክሩ አርጅቶ ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ ካልተሰፋ ይወድቃል። መነጽሬን አድርጌ መርፌ ፈለግሁ። በአዲስ ነጭ ክር ደግሜ ሰፋሁት፣ እንደ ድሮው አላልቼ።