አክስቴ ያልሠራችው ኃጢአት

አክስቴ ሰክራ አታውቅም። ወንድ ስታሳድድ የኖረች ሴትም አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እዚህ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከፕሌኖ እስከ ፎርት ወርዝ ያለው የእኛ ሰው ግማሹ ከገዛ አፏ ሌላ ነገር ስለሰማ ነው። የሰሙት ውሸት ነው። የተናገረችው እሷ ናት፤ ያናገራት ልጇ ነው፤ እኔ ደግሞ በሁለቱም ላይ እስከ ዛሬ ተናድጄ አልወጣልኝም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ቴያትር ሲጀመር፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር ወንዶች ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ያንን ቀሚስ ከወንዶቹ ላይ ካስወለቁት ጥቂት ሴቶች አንዷ አክስቴ ናት። ገና ልጅ ሆና በተወዛዋዥነት ገባች። ትከሻዋን አይተው ቀጠሯት፣ ድምፅዋን ሲሰሙ ደግሞ ተዋናይ አደረጓት። በትርኢቱ መጀመሪያ ትወዛወዛለች፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት የመኳንንት ሚስት ሆና ትወጣለች። በጭነት መኪና ተጭነው ጠቅላይ ግዛቱን ሲዞሩ፣ በርሜል ላይ በተደረደረ ሳንቃ ላይ ቆማ ተጫውታለች። አንድ ጊዜ ሳንቃው ተሰብሮ እግሯ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እዚያው እንደቆመች ንግግሯን ጨርሳ ነው እግሯን ያወጣችው። ማይክራፎን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ካልሰማ አልተናገርሽም ማለት ነው፣ ትለን ነበር።

ወንድ አያቴ ልጄ አይደለችም ብለው ከቤት አባረሯት። ይሁን እንጂ እናቴና ሁለት ወንድሞቿ የተማሩት በእሷ ደመወዝ ነው። አያቴ ልጃቸውን በፊት በር አስወጥተው ብሯን በጓሮ በር ይቀበሉ ነበር። እናቴ ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ እኔም በእናቴ ደመወዝ አደግሁ። ስለዚህ እኔም የበላሁት ከዚያ ሳንቃ ላይ የመጣ እንጀራ ነው። ስሟ በክፉ ሲነሳ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ከተጫወተቻቸው ሁሉ የሚወደድላት፣ ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ በመጠጥና በወንድ የተበላሸች የአንዲት ሴት ድራማ ነበር። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ የማታውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ወድቃ "ክፈቱልኝ" ትላለች። ልጆች ሳለን አክስቴ ይህንን ሳሎን ውስጥ ትጫወትልን ነበር። እኛ እናለቅሳለን። ማልቀሳችንን ካየች በኋላ ቀሚሷን አራግፋ ትነሳና ሻይ ትጥዳለች።

ቤንዚን ጣሪያ በነካበት፣ ባንኮቹ መንገዳገድ በጀመሩበት ዓመት አንድ ልጇ ፕሌኖ አመጣት። ቤቱ ሰፊ ነው፤ መኪና ለማይነዳ ሰው ግን የሰፋ እስር ቤት ነው። እኔ ያኔ ዲኤፍደብሊው በሚሉት የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በዊልቸር እገፋ ነበር። ከሥራ በማርፍበት ቀን እየነዳሁ እሄድና አጫውታታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ፤ ነውም። አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ አካውንታንት ነው። በአማርኛ የሚያመልኩበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ፣ ማለትም ከመሪዎቹ አንዱ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ አዲስ የመጣ ሰው ይቀበላል፣ ቤት ያፈላልጋል። በእናቱ ግን ያፍራል። ለጉባኤው ሁሉ ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት ብሎ ነበር የነገራቸው። እሷም አላስተባበለችም፤ በየእሑዱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

አንድ እሑድ አንድ አዛውንት ፓርኪንግ ላይ ሲያዩዋት ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት። "እርስዎን ለማየት ከአባቴ ኪስ ሳንቲም ሰርቄያለሁ" አሏት። እሷ ሳቀች፤ የልጇ ፊት ጠቆረ። ሳምንት ሳይሞላ የሽማግሌው እናት ተዋናይና ተወዛዋዥ እንደነበረች ያልሰማ አልነበረም።

ከታወቀ አይቀር ብሎ ልጇ ሌላ ዘዴ አመጣ። በእነሱ ዘንድ ምስክርነት የሚባል ነገር አለ። ሰው በጉባኤው ፊት ይወጣና በዓለም ሳለ ምን እንደነበረ፣ ጌታም ከምን እንዳወጣው ይናገራል። ልቤን የነኩ ምስክርነቶች ሰምቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ አሜኑም አይሞቅም፤ ይህንን እነሱም ያውቁታል።

ወጥ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነበር ያነሳው።

"እማዬ፣ ማለቴ፣ ያለፈውን ነው ሼር የምታደርጊው" አላት። "መጠጡ ነበር፣ ወንዶቹ ነበሩ፣ ኦኬ? ከዚያ ጌታ አወጣሽ። ሶ አሥር ደቂቃ ይበቃል።"

"መጠጥ ነበር ብሎ ማን ነገረህ?" አልኩት እኔ።

"ቴያትር ቤት እኮ ነው የምንለው።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ" አልኩት። "እናትህ ናት። ራሷ አጠገብህ ተቀምጣለች፤ ለምን አትጠይቃትም?"

አልጠየቃትም። እሷ ግን ጠየቀችው። "ስንት ሰው ይመጣል?" አለችው። እንዲህ ብላ መጠየቋን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በተባለው እሑድ ነጭ ነጠላ ለብሳ ሄደች። ሲጠሯት ከዘራዋን ወንበሩ ላይ ትታ ተነሳች። ማይክራፎኑን ሲሰጧት ከአፏ አርቃ ያዘችውና አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠበቀች። የሚያስለውም አስሎ ጨረሰ። ከዚያ በለሆሳስ ጀመረች። እሷና ጓደኞቿ ከመድረክ ወርደው እስኪነጋ ይጠጡ እንደነበር፣ የማንም መጫወቻ እንደነበሩ ተናገረች። ሰው አንገቱን ደፋ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የምሰማው ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ግን ገባኝ። ጎህ ሲቀድ የማታውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ወድቃ "ክፈቱልኝ" አለች፤ የከፈተላት ጌታ ሆነ። ከድራማው የለወጠችው ይህንን ብቻ ነበር። አዳራሹ በለቅሶና በእልልታ ተናወጠ። የአክስቴ ልጅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ነበር። እኔ ብቻ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተቀምጬ ቀረሁ።

ልጇ ስብሰባ ስለነበረው ወደ ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ።

"ከኋላ ይሰማ ነበር?" አለችኝ፣ ቀበቶዋን ሳስርላት።

"ይሰማ ነበር። እትዬ፣ ያ ድራማው እኮ ነው።"

"አዎ። መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"ጓደኞችሽስ? በርሜል ላይ አብረውሽ የቆሙትን ሴቶች ሰካራም አደረግሻቸው እኮ።"

"እነሱ ሞተዋል" አለች። "ልጄ ግን አለ። ስጫወት አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ አያውቅም፤ አያይም ነበር። ዛሬ አየኝ፤ አለቀሰም።"

"ያለቀሰው ለተጫወትሽው መሰለሽ? ባለጌ ነበረች ብሎ አምኖ ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም መኪናውን አስነሳሁ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አላበቃም። ምስክርነቷን በዲቪዲ አባዝተው አሰራጩት። ከጋርላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠሯት፣ ከፎርት ወርዝ ጠሯት፤ ልጇ በኩራት እየነዳ ያደርሳታል። ያች ፕሌኖ ስትደርስ ደርቃ የነበረች ሴትዮ ፊቷ ወዛ፣ ምግብ መብላት ጀመረች። ሰው ያላለቀሰበትን ቦታ ታሳጥረዋለች፤ ያለቀሰበትን ታስረዝመዋለች። ውሸቱ በየሳምንቱ ያምር ጀመር። ደስታዋን እያየሁ መናደድ ከባድ ነው፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሰው የሚያየው ቢያጣ እንኳ የራሱንና የጓደኞቹን ስም ሸጦ ተመልካች ይገዛል? ይህንኑ ነገርኳት። "ቲኬት በነፃ ነው" አለችኝ።

ወደ አርሊንግተን የሄድን ቀን ሦስታችንም በአንድ መኪና ነበርን። ምስክርነቱ አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ሃምሳ ዓመት ግድም የሚሆናት አንዲት ሴት ከመሃል ተነሳች። የጽዳት ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ትመስላለች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "እናቴ ከእርስዎ ጋር ነበረች። ቀይ፣ ረጅም፣ የንጉሡን እናት ሆና የምትጫወተው። ዓምና ነው ያረፈችብኝ። እሷም እንዲህ ነበረች?"

የአክስቴ ልጅ ብድግ ብሎ "ሶ፣ እንግዲህ በጸሎት" ማለት ሲጀምር፣ አክስቴ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

የምትለው ጠፍቷት ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ ስትናገር ድምፅዋ የደከመች አሮጊት ድምፅ ነበር፤ ከኋላ ያለነው በግድ ነው የሰማነው።

"እናትሽ ጠጅ በአፏ ዞሮ አያውቅም" አለች። "ትርኢቱ ሲያልቅ አንቺን ልታጠባ እየሮጠች ነበር የምትሄደው። ከሁላችን ልጅ ያለን እኔና እሷ ነበርን፤ አብረን ነው የምንሮጠው። እኔ የተናገርኩት ድራማ ነው። ይቅር በይኝ።"

ሴትዮዋ "ጌታ ይባርክዎት" ብላ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ካሜራውን ቀድሞ አጥፍቶ ገመዱን ይጠቀልል ነበር።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ።

"አዋረድሽኝ እማዬ" አለ። "በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አስባልሽኝ። ሰፈር ውስጥ አባቱ የማይታወቅ፣ የጨፋሪዋ ልጅ ሲሉኝ አንቺ የት ነበርሽ? ጥፋት ነበር ብለሽኝ አታውቂም። ጀስት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንድትዪኝ ነው የፈለግኩት።"

ለአንድ አፍታ አንጀቴን በላው። ወዲያው ግን ንዴቴ ተመለሰ።

"የሰደቡህ የሰፈር ልጆች፣ ይቅርታ የምታስጠይቀው እናትህን?" አልኩት። "ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።"

"ተዪው" አለች አክስቴ ከኋላ ወንበር። ከዚያ ለእሱ፣ "ጥፋት ቢኖር ኖሮ እነግርህ ነበር ልጄ። ሥራ ነበር" አለችው።

ከዚያ በኋላ የጠራት ቤተ ክርስቲያን የለም። የአክስቴን ልጅ ዲቪዲውን ሰብስብ ብዬ ለመንኩት። "ሰው ተባርኮበታል" ብሎ እንቢ አለኝ። እኔው ራሴ ከማውቃቸው ሰዎች ቤት ጥቂቱን ለቅሜ ሰባበርኩት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የቱን ደርሼ። አክስቴ በቤት ውስጥ እየደረቀች ሄደች፤ ስሄድ ሻይ ትሰጠኛለች፣ ስለ መድረክ ግን አታነሳም። በሚቀጥለው ዓመት አረፈች። ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ "ከጨለማ ዓለም የወጣች" አሉ። እናቴን ስላስተማረች አንድ ቃል አልተነሳም። ንባቡ ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ፤ ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ ያማኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ ቦታ ምሳ ስበላ፣ አንዲት ባልደረባዬ የማን ዘመድ እንደሆንኩ ሰምታ መጥታ እጄን ያዘች። በጣም ደስ ብሏታል።

"የአክስትሽ ዲቪዲ ልጄን አተረፈልኝ" አለችኝ። "ሃይስኩል ድራማ ካልተማርኩ ብላ መከራዬን አብልታኝ ነበር። ጭራሽ ዋናዋን ሴት ሆነሽ ተጫወቺ ብለው መርጠዋት ነበር አሉ። አስቀምጬ አሳየኋት፤ በነጋታው ክላሱን ድሮፕ አድርጋ ተወችው።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"ስሚኝ" አልኳት። "ያሳየሻት ራሱ ድራማ ነው። አክስቴ ስትጫወት ነው ያያችሁት። መጠጡም ወንዶቹም ውሸት ናቸው። እባክሽ ልጅሽን ወደ ክላሷ መልሻት።"

እጄን አልለቀቀችም። ሐዘን ያደናገራትን ሴት እንደሚያዩ አየችኝ።

"ተይ እንጂ እህቴ" አለችኝ። "እያለቀሱ እኮ ነው የተናገሩት።"